የፖስታና የቴሌ ማሠልጠኛን ማዛወር፦ ከጓሮው ጀምሩ

የማሠልጠኛ ተቋም ሊዛወር ነው ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «አዲሱ ቦታ ስንት ክፍል አለው?» የሚል ነው። ወንበር ይቆጠራል፣ ጠረጴዛ ይቆጠራል፣ የኃላፊው ቢሮ የት እንደሚሆን ይታያል። ከዚያ የጭነት መኪና ይጠራል። ለሌላ ትምህርት ቤት ይህ ሊበቃ ይችላል። የፖስታና የቴሌ ሠራተኛ የሚሠለጥንበት ቤት ግን በክፍል ብዛት አይለካም። ሠልጣኙ ሙያውን የሚይዘው ምሰሶ ላይ ሲወጣ፣ ኬብል ሲፈታ፣ ደብዳቤ ሲለይ፣ ጥቅል ሲመዝን ነው። ክፍል ቢጠብ በፈረቃ ይማራሉ። የልምምድ ቦታ ከሌለ ግን ሥልጠናው የለም።

እኔ የኬብልና የመስመር አሠልጣኝ ነኝ። ተቋማችን ሲዛወር የቴሌውን ዕቃ የማስፈታትና መልሶ የማስተከል ሥራ የእኔ ድርሻ ነበር። የፖስታውን ወገን የያዘችው ደግሞ ብዙ ዘመን መስኮት ላይ ደንበኛ ስታስተናግድ ቆይታ ወደ ማሠልጠን የመጣች ባልደረባዬ ናት። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ሥራ ለተሰጣችሁ ሰዎች ነው። ምክሬ ባጭሩ፦ ከጓሮው ጀምሩ፣ ክፍሉን መጨረሻ አድርጉት። ዝውውሩን ራሱንም ለሠልጣኞቻችሁ ትምህርት አድርጉት።

ዕቃው የማን ነው?

በብዙ አገር ፖስታና ቴሌ ለረጅም ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ነበሩ። ማሠልጠኛቸውም የጋራ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ኋላ ላይ ተለያዩ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1981 ቴሌውን ከፖስታው ለየች። ጀርመን ደግሞ በ1995 የፌዴራል ፖስታዋን ለሦስት ኩባንያ ከፈለች። እንዲህ ያለ መለያየት ባለፈበት ቤት ውስጥ ማሠልጠኛው የጋራ ሆኖ ከቀረ፣ ተዳፍኖ የኖረው ጥያቄ የሚነሳው በዝውውር ጊዜ ነው። ጄኔሬተሩ የማን ነው? የጋራው ቤተ መጻሕፍትስ? አምራች ኩባንያ ለማስተማሪያ ያዋሰው መሣሪያ ያለ እሱ ፈቃድ ከግቢ ይወጣል?

ይህን መኪና በር ላይ ቆሞ ሾፌሩ ጡሩምባ እየነፋ መፍታት አይቻልም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የተባለው ለዚህ ነው። የንብረት ዝርዝሩን በአራት አምድ ሥሩት፦ የፖስታ፣ የቴሌ፣ የጋራ፣ እና የማይሄድ። ሁለቱም ወገን አንድ ላይ ቆሞ ይቁጠር፣ በየገጹ ይፈርም። አራተኛውን አምድ አትናቁት። ማንም የማይነካው አሮጌ የቴሌክስ ማሽን መሄድ አለመሄዱ ቀድሞ ካልተወሰነ፣ በመጨረሻው ቀን ሁሉንም ሰው ያጨቃጭቃል።

ጓሮው

አዲሱን ቦታ ለማየት ስትሄዱ ሕንፃው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ባዶውን መሬት ዙሩ። ከላይ የኤሌክትሪክ መስመር ያልፋል? ከታች የውሃ ቧንቧ ወይም ኬብል አለ? ረጅም ምሰሶ የጫነ መኪና መታጠፍ ይችላል? ዝናብ ሲመጣ ውሃው የሚተኛው የት ነው? ለነዚህ መልስ ሳታገኙ የክፍል ፕላን አትሳሉ።

ለመውጣት ልምምድ የሚተከለው የእንጨት ምሰሶ በተለመደው ስሌት የርዝመቱን አንድ አሥረኛ ሲደመር 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀበራል። 8 ሜትር ከሆነ 1 ሜትር ከ40 ማለት ነው። አፈሩ ልል ወይም ውሃ የሚቋጥር ከሆነ ከዚህም ይጠልቃል። ስለዚህ ቦታውን ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ሁለት የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሩ። ግማሽ ሜትር ላይ አለት ከመጣ ያ ጥግ ለምሰሶ አይሆንም፣ ወይም ወጪው ሌላ ነው። ሲተከል አፈሩ በአንዴ አይሞላም፤ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ ዙሪያውን ይጠቀጠቃል።

የድሮውን ግቢ ምሰሶ ነቅሎ አዲሱ ቦታ መትከል ቁጠባ ይመስላል። ሰው ለሚወጣበት ምሰሶ ግን አይሆንም። እንጨት በብዛት የሚበሰብሰው መሬቱን በሚነካበት ቦታና ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ያ ቦታ ሲነቀል ይፈተናል፣ ሲጓጓዝ ይጎዳል፣ ላዩ ግን ደህና ይመስላል። በመዶሻ መታ መታ ስታደርጉት ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ይደነቁራል። ይህን ድምፅ ለሠልጣኞች ለማስተማር አሮጌዎቹን ይዛችሁ ሂዱ። ቆርጣችሁ መሬት ላይ አጋድሟቸው፣ የመስቀያ ብረት ማሰር ይለማመዱባቸው። ለመውጣት ግን አዲስ ግዙ። አዲሱም ቢሆን ተተክሎ አንድ የዝናብ ወቅት ቢያልፍበት ጥሩ ነው፤ አፈሩ የሚሰምጥ ከሆነ ሰው ሳይወጣበት ይታወቃል። ጓሮው መጀመሪያ ይሁን የምለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ክፍል በሳምንት ይቀባል፣ መሬት ግን ጊዜውን ይፈልጋል።

ግራውንዲንጉም፣ ማለትም የመሣሪያው ከመሬት ጋር መያያዝ፣ እንዲሁ ነው። ለቴሌኮም መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው የመሬት ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) 5 ኦም ወይም ከዚያ በታች ነው። መሬት ሲደርቅ ይህ ቁጥር ይጨምራል። በክረምት ለክታችሁ «አለፈ» ካላችሁ በበጋ ሊወድቅ ይችላል። በደረቁ ወቅት ለኩ። ልኬቱንም ሠልጣኞች ባሉበት ሥሩት፤ በኋላ በሚሄዱበት ጣቢያ ሁሉ የሚጠየቁት ይህን ነው።

የኬብል ጉድጓዱን አዲስ ስታሠሩ ከፍሳሽ መስመር አርቁት። ለልምምድ የተሠራ ቢሆንም ክዳኑ ሲነሳ ሰው ከመግባቱ በፊት በጋዝ መለኪያ መፈተሽ አለበት። ማሠልጠኛ ግቢ ውስጥ ያልተለመደ ጥንቃቄ መንገድ ላይ ትዝ አይልም።

ባትሪና የኃይል ክፍል

እዚህ ላይ ሠልጣኝ ይመልከት እንጂ አይንካ። የቴሌኮም የኃይል ክፍል ብዙውን ጊዜ ባለ 2 ቮልት ሴሎች 24 ተደርድረው 48 ቮልት የሚሰጡበት ነው። ቮልቱ ትንሽ ስለሆነ ሰው ይደፍረዋል። ነገር ግን ቁልፍ ወድቆ ሁለቱን ጫፍ ቢያገናኝ የሚፈሰው ከረንት ብረት ያቀልጣል። ቀለበትና ሰዓት ይወልቅ፣ የመሣሪያው እጀታ በማያስተላልፍ ነገር የተሸፈነ ይሁን። በሴሎቹ መካከል ያለው ማገናኛ ተፈትቶ እያንዳንዱ ሴል ለብቻው ይነሳ። ውሃ የሚሞላባቸው ዓይነቶች አሲድ ስላላቸው ቀጥ ብለው ይጓዙ።

ሊድ አሲድ ባትሪ ተነቅሎ ሲቀመጥ በራሱ ይደክማል። ባዶ ሆኖ ከቆየ ይበላሻል። በቀዝቃዛ መጋዘን ቻርጅ ሳይደረግ እስከ ስድስት ወር መቆየት ይችል ይሆናል፤ በሞቃት መጋዘን ይህ ጊዜ በጣም ያጥራል። ስለዚህ ከመነቀሉ በፊት ሙሉ ይሁን፣ ሲደርስም ቶሎ ቻርጅ ይደረግ። አዲሱ የሬክቲፋየር (ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው መሣሪያ) ክፍል ሳይዘጋጅ ባትሪ ከቦታው አይነሳ። የሴሎቹ ክብደት ተደምሮ ብዙ መቶ ኪሎ ይሆናል። ፎቅ ላይ ከሆነ የወለሉን አቅም መሐንዲስ ያጣራ። የሚቻል ከሆነ ምድር ቤት ይሁን፣ አየር ይግባበት።

የመጨረሻዎቹ ሠልጣኞች ይፍቱት

የእኔ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኮንትራክተር ከመጣ የመስመር ማከፋፈያውን ፍሬም፣ ኤምዲኤፍ የምንለውን፣ ኬብሉን በመቁረጫ ቀጭ ቀጭ አድርጎ ብረቱን ብቻ ይጭናል። በአንድ ቀን ያልቃል። ከዚያ አዲሱ ቦታ ላይ ብረት ቆሞ፣ የትኛው ጥንድ ሽቦ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ አይኖርም።

እኛ ፍሬሙን ያስፈታነው በአሮጌው ግቢ የመጨረሻው ዙር ሠልጣኞች ነው። ሥራው ሦስት ሦስት ሰው ሆኖ ነው። አንዱ ፍሬሙ ጋ ቆሞ ጥንዱ ላይ የቶን ድምፅ ይልካል። ሌላው የኬብሉ መጨረሻ ላይ ሆኖ በመፈለጊያው ድምፁን ያገኛል። ሦስተኛው ይጽፋል። ሁለቱም ሳይስማሙ ጸሐፊው እስክሪብቶ አያነሳም። ባለ 25 ጥንዱ የቀለም ቅደም ተከተል በቃል መታወቅ አለበት፦ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ፤ እያንዳንዳቸው በተራ ከሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማና ግራጫ ጋር። አምስት በአምስት ነው። አሮጌ ኬብል ላይ ግን ነጩ ወደ ቢጫ፣ ግራጫውም ወደ ነጭ እያደላ ስለሚመጣ ዓይን ብቻ አያስተማምንም። ቶኑ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መለያ ወረቀት በሁለቱም ጫፍ ሳይለጠፍ አንድም ሽቦ አይፈታ። ፎቶ ይነሳ፤ ፎቶው ግን ጽሑፉን አይተካም። ሽቦ በሽቦ ላይ ሲደራረብ ፎቶ ከኋላ ያለውን አያሳይም። ኬብሉ መቆረጥ ካለበት መልሶ ለማሰር የሚበቃ ትርፍ ይተውለት።

አሁን ዋናው ነገር። አዲሱ ግቢ ላይ መልሰው የሚያስሩት ሌሎች ሠልጣኞች ይሁኑ፣ የሚመጣው ዙር። በእጃቸው የሚሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ የጻፉት ሰንጠረዥ ብቻ ነው። በመስመር ሥራ ውስጥ ትልቁ ችግር ሽቦ ማሰር አለመቻል አይደለም። አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ አለመቻሉ ነው። ጸሐፊው ሲጽፍ እሱ ያውቀዋል፣ አጠገቡ ያለው ያውቀዋል። ከወራት በኋላ መጥቶ በእጅ ባትሪ ብርሃን የሚያነበው የማያውቀው ሰው ግን «ከበሩ በስተግራ» የሚለውን ምን ያድርገው? በሩ እኮ ሌላ ነው! ሁለተኛው ዙር ያልገባውን ሁሉ በቀይ አስምሮ ያስቀምጥ። ያንን ወረቀት ለመጀመሪያዎቹ ላኩላቸው፣ የትም ቢመደቡ። እኔ በክፍል ውስጥ ስለ መዝገብ አያያዝ ከምናገረው ሁሉ ይህ ይበልጥ ያስተምራል። እንዲህ ያለ ዕድል ለማሠልጠኛ ደጋግሞ አይመጣም፣ ለኮንትራክተር አሳልፋችሁ አትስጡት።

የፋይበር ክፍሉ

ስፕላይሰሩ፣ ማለትም ሁለት ፋይበር (ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ክር) አቅልጦ የሚያገናኘው መሣሪያ፣ በራሱ ሣጥን፣ በሰው መኪና፣ በሰው ጭን ላይ ይሂድ። ሲደርስ ደግሞ በርቶ ወዲያው ወደ ሥራ አይገባም። ሁለቱን ፋይበር የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ቅስት በአየር ግፊትና በእርጥበት ይለወጣል። ከቆላ ወደ ደጋ ወይም ከደጋ ወደ ቆላ ከሄደ የአርክ ካሊብሬሽን፣ ማለትም ቅስቱን ለአዲሱ ቦታ ማስተካከል፣ ግድ ነው። የሚገናኘው ብርሃን አስተላላፊ እምብርት 9 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ትንሽ መዛነፍ ትልቅ ብክነት ያመጣል።

የክፍሉ ወለል ለስላሳና የሚጠረግ ይሁን፣ ምንጣፍ አይነጠፍበት። የጠረጴዛው ላይ ንጣፍ ጥቁር ይሁን፤ የፋይበር ስባሪ የሚታየው ጥቁር ላይ ነው። ስባሪው ቆዳ ውስጥ ከገባ ማግኘቱ ጣጣ ነው። ክዳን ያለው የስባሪ ዕቃ በየጠረጴዛው ይቀመጥ። ከመስኮቱ ንፋስ የሚገባበት ክፍል አትምረጡ። በ1310 እና በ1550 ናኖ ሜትር የሚሄደው ብርሃን በዓይን ስለማይታይ የማስጠንቀቂያው ምልክት ከመሣሪያው በፊት ይለጠፍ።

የኬብል ጥቅሎቹን ሲጭኑ ማጠፍ አይፈቀድም። ባልተወጠረ ጊዜ የኬብሉን ውፍረት 10 እጥፍ፣ ሲጎተት ደግሞ 20 እጥፍ ራዲየስ መጠበቅ የተለመደ ነው። ከጉዞ በፊትና በኋላ በኦቲዲአር (ብርሃን ልኮ ፋይበሩ የት እንደተጎዳ በሥዕል የሚያሳይ መለኪያ) ለክታችሁ ሁለቱን ሥዕል ጎን ለጎን አስቀምጡ። የተጎዳ ካለ ወዲያው ይታያል።

የፖስታው ወገን

ባልደረባዬ ሥራዋን የጀመረችው ከማህተሞቹ ነው። የቀን ማህተም ለልምምድ ቢሆንም ማህተም ነው። በተሳሳተ እጅ ቢገባ ያልተላከ ደብዳቤ እንደተላከ ያስመስላል። እያንዳንዱን ማህተም ነጭ ወረቀት ላይ መታችው፣ ቁጥር ሰጠችው፣ ከወረቀቱ ጋር በታሸገ ከረጢት ውስጥ አስገባችው። ሲደርስ እንደገና ተመትቶ ከመጀመሪያው ጋር ተነጻጸረ። ቴምብርም ገንዘብ ነው፣ በተመሳሳይ መንገድ በሁለት ሰው ፊርማ ይሂድ። እንግሊዝ ለማሠልጠኛ በምትሰጣቸው ቴምብሮች ላይ ወፍራም ጥቁር መስመሮች ታትም ነበር፤ ከግቢ ወጥተው ለእውነተኛ ደብዳቤ እንዳይውሉ። የእናንተ ምልክት ከሌለው ዝውውሩ ምልክት ለማድረግ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

የልምምድ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ እዩ። ዘመናት ሲጠራቀም የኖረ ክምር ውስጥ የእውነተኛ ሰው ስምና አድራሻ ያለበት ፖስታ ሊገኝ ይችላል፤ አንዳንዴም ሰው የሚጠብቀው እውነተኛ ደብዳቤ። እውነተኛው ወደ ባለቤቱ የሚሄድበትን መንገድ ይያዝ። የቀረው በአግባቡ ይወገድና በፈጠራ አድራሻ የተዘጋጀ አዲስ ይተካ። አደራ ጠባቂ የሚያፈራ ቤት የሰው ደብዳቤ በልምምድ ክምር ውስጥ ሊያኖር አይገባም።

የመለያ ሣጥኖቹ መደርደሪያ ሲፈታ ሠልጣኞቹን በባዶ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱን ቀዳዳ ስም በቃላቸው አስሞላቻቸው። ደብዳቤ የሚለይ ሰው እጁ ከዓይኑ ይቀድማል። ስለዚህ አዲሱ ቦታ ላይ ከፍታው፣ ቅደም ተከተሉና ወደ ፊት ያለው ዘንበል ማለት እንዳይለወጥ በሜትር ተለክቶ ተጻፈ። መብራቱ ከሠልጣኙ ጀርባ ከሆነ የገዛ ጥላው ቀዳዳው ላይ ያርፋል። ከላይና ከፊት ይምጣ።

ሚዛን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። ኤሌክትሮኒክ ሚዛን የሚለካው ዕቃው ወደ ታች የሚጫንበትን ኃይል ነው። የመሬት ስበት ደግሞ በየቦታው እኩል አይደለም። በምድር ወገብና በዋልታ መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ 0.5 ገደማ ነው፤ በ20 ኪሎ ጥቅል ላይ 100 ግራም ይሆናል። በሁለት ከተሞች መካከል ልዩነቱ ከዚህ በጣም ያንሳል፣ ግን አለ፤ ከጉዞው መንገጫገጭ ጋር ተደምሮ ታሪፍ ወሰን ላይ ያለውን ጥቅል ወደ ላይኛው ዋጋ ሊያሻግረው ይችላል። ሚዛኑ አዲሱ ቦታ ላይ በተፈተሸ ድንጋይ እንደገና ይስተካከል። ስፕላይሰሩና ሚዛኑ በአንድ ቀን፣ በሁለቱም ወገን ሠልጣኞች ፊት ቢስተካከሉ ደስ ይለኛል። የፖስታውና የቴሌው ልጆች አብረው የሚማሩት ነገር ጥቂት ነው።

የልምምድ ኮምፒውተሮቹ ከእውነተኛው የፖስታ ሲስተም ጋር በምንም መንገድ እንዳይገናኙ አዲሱ ኔትወርክ ሲዘረጋ አረጋግጡ። በአሮጌው ግቢ ተለያይተው የነበሩ መስመሮች በአዲሱ ግቢ አንድ የኔትወርክ ማከፋፈያ (ስዊች) ላይ ተሰክተው ሊገኙ ይችላሉ።

ሰዎቹ

ፖስታው በጥቂት ቀን ይዛወራል፤ ቴሌው ሳምንታት ይፈልጋል። በአንድ ቀን ይሂዱ ብሎ ማስገደድ ሁለቱንም ያበላሻል። ፖስታው ቀድሞ ይሂድና ቦታውን ያሙቀው።

ቀኑን በሁለት ዙር መካከል አድርጉት። ግማሽ ኮርስ የወሰደ ሠልጣኝ በመሃል ቢንቀሳቀስ ያ ዙር የተጎዳ ሆኖ ይመረቃል። አሠልጣኞቹ ደግሞ ቤት ተከራይተዋል፣ ልጆች ትምህርት ቤት አስገብተዋል፣ የታመመ ወላጅ የሚያስታምሙም አሉ። ለነሱ ከሁሉ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ወሬው ከጥበቃው አፍ መስማት አይገባቸውም። ጥሩ ስፕላይሰር በገንዘብ ይገዛል። ሃያ ዓመት ምሰሶ ላይ የኖረ አሠልጣኝ ግን «ልጆቼን ይዤ አልሄድም» ብሎ ቢቀር የሚተካው የለም። ለሴት ሠልጣኞች መኝታና መጸዳጃ መጀመሪያ ይጠናቀቅ። «ለጊዜው» ተብሎ የተተወ ነገር እንደተተወ ይቀራል።

ፈቃዶቹንም አትርሱ። የሥልጠና ዕውቅና ብዙ ጊዜ ከቦታው ጋር የተያያዘ ነው። የሬዲዮ ማሰራጫ ካላችሁ ፈቃዱ አንቴናው የቆመበትን ቦታ ሊጠቅስ ይችላል፤ አንቴናው ከመነሳቱ በፊት ለሚመለከተው አካል አመልክቱ።

አሮጌውን ግቢ ስታስረክቡ የምሰሶዎቹ ጉድጓዶች ይሞሉ፣ የኬብል ጉድጓዱ ክዳን ይገጠም፣ የተቋረጡ መስመሮች ዝርዝር ለባለቤቱ ይሰጥ። የቀድሞ ሠልጣኞች የምስክር ወረቀት ማረጋገጫ ፈልገው ለዓመታት ወደ አሮጌው አድራሻ ይጽፋሉ፣ በአሮጌው ስልክም ይደውላሉ። ደብዳቤው ወደ አዲሱ እንዲዞር፣ ጥሪውም እንዲተላለፍ ከመጀመሪያው መኪና መነሳት በፊት አስመዝግቡ። የሠልጣኞች መዝገብም በመኪናው ላይ ከሌላ ዕቃ ጋር አይጫን፤ ቅጂው ቀድሞ ይሂድ፣ ዋናው በመዝገብ ቤቱ ኃላፊ እጅ ይጓዝ።